ሐምሌ 1976 ላይ የቆመ ደብተር

ባለፈው ዓመት ሰኔ ላይ፣ የኮምቦልቻ ሙቀት ከቤት አላስቀምጥ ባለበት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ የጎረቤቴ ልጅ በረንዳዬ ላይ መጥታ አንድ ወረቀት ዘረጋችልኝ። የሒሳብ ሁለተኛ ዲግሪዋን እየተማረች ነው። «ጋሼ፣ እማዬ ድሮ የሒሳብ አስተማሪ ነበሩ ብላኛለች። ይቺን አንድ መስመር ብቻ ያስረዱኝ» አለችኝ። መስመሯ አጭር ነች። የብራውናዊ እንቅስቃሴ ቅንጣት ለውጥ በራሱ ሲባዛ ከጊዜ ቅንጣት ጋር እኩል ይሆናል ትላለች። «በካልኩለስ የተማርነው እኮ ትንሽ ነገር በራሱ ሲባዛ ከትንሽም አንሶ ይጣላል ብለን ነው። ይሄ ለምንድን ነው የማይጣለው?»

ጥያቄውን አውቀዋለሁ። መልሱንም አውቀው ነበር። እስክሪብቶዋን ተቀብዬ የመጀመሪያውን መስመር ጻፍኩ። ሁለተኛውን ጀምሬ ሰረዝኩት። ሦስተኛው ላይ እጄ ቆመ። ቡናው ፈላ፣ ቀዘቀዘ፣ እኔ ወረቀቱን እያየሁ ነው። ልጅቷ ጨዋ ናት፤ ሳታሳፍረኝ ወረቀቷን አጠፈችና «ይቅር ጋሼ፣ አይድከሙ፤ ራሴ እሞክረዋለሁ» ብላ ሄደች።

መልሱ ትዝ ያለኝ ማታ፣ አልጋ ላይ ነው። ትዝ ሲለኝም እንቅልፍ ብሎ ነገር ጠፋ። ምክንያቱም ያንን መልስ ከሃያ ዓመት በፊት ደሴ ላይ፣ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኮሪደር ውስጥ ለልጆች በእግራቸው አስተምሬዋለሁ። አንድ ተማሪ መሃል ላይ አቆምና ሳንቲም አስይዘዋለሁ። አንበሳ ከወጣ አንድ እርምጃ ወደ ፊት፣ ቁጥሩ ከወጣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ። 100 ጊዜ ከወረወረ በኋላ የት ይገኛል? «እዚያው የነበረበት» ይላል ግማሹ ክፍል። «የት እንደሚሆን አይታወቅም» ይላል ሌላው። ሁለቱም የልባቸውን ነው የሚናገሩት፤ ሁለቱም ግን ሙሉውን አልያዙትም። ልጁ የት እንደሚቆም አይታወቅም፤ ከመነሻው ምን ያህል ሊርቅ እንደሚችል ግን ሕግ አለው። በ100 ውርወራ የርቀቱ ልክ 10 እርምጃ ገደማ ነው። በ400 ውርወራ 40 አይሆንም፣ 20 ነው። ጊዜው አራት እጥፍ ሲሆን ርቀቱ ሁለት እጥፍ ብቻ ያድጋል። ሕጉም የሚመጣው ከዚህ ነው፦ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የተሄዱት እርምጃዎች ይጠፋፋሉ፤ እያንዳንዱ እርምጃ በራሱ ሲባዛ ግን ፊትም ይሁን ኋላ ምንጊዜም ደማሪ አንድ ነው። ካሬዎቹ አንዱ ሌላውን አያጠፋውም። እየተጠራቀሙ ይሄዱና ከጊዜው ጋር እኩል ይሆናሉ። ያ ካሬ የማይጣለው ለዚህ ነው። ይህችን ነበር ለልጅቷ መንገር ያቃተኝ።

እርምጃውን እያሳጠርን፣ ውርወራውን እያፈጠንን ብንሄድ መጨረሻ ላይ የምናገኘው እንቅስቃሴ ብራውናዊ ይባላል። ስሙ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1827 ሮበርት ብራውን የተባለ የዕፅዋት ተመራማሪ በማይክሮስኮፕ ሥር ከአበባ ዱቄት የወጡ ደቃቅ ቅንጣቶች ውሃ ላይ ያለ ዕረፍት ሲርመሰመሱ በማየቱ ነው። አንስታይን በ1905 ሒሳቡን ሠራለት። ሰው ብዙ ጊዜ የማያነሳው ግን ከአንስታይን አምስት ዓመት ቀድሞ ሉዊ ባሼልዬ የተባለ ፈረንሳዊ ይህንኑ ሒሳብ ለፓሪስ የገንዘብ ገበያ የዋጋ መዋዠቅ ማውጣቱን ነው። የውሃ ላይ ቅንጣትና የገበያ ዋጋ አንድ ሕግ አላቸው። እኔ የመጣሁበት አገር ደግሞ በሁለት ነገር ይኖራል፤ በዝናብና በእህል ዋጋ። ሁለቱም እንደዚያ ልጅ ሳንቲም ይዘው የሚራመዱ ናቸው። ይህን ሒሳብ ከሁሉ በላይ የሚፈልገው ማን ነው ብባል ወሎ ነው እላለሁ።

ዕድሉ የመጣልኝ በ1998 ዓ.ም. ነው። አራት ኪሎ ሳለሁ ያስተማሩኝ አንድ መምህር ነበሩ፤ አልረሱኝም። ውጭ አገር ለሁለት ዓመት የፕሮባቢሊቲ ትምህርት የሚሰጥ የነፃ ትምህርት ዕድል እንዳለ ነገሩኝ፤ ደብዳቤ ጻፉልኝ፤ ተቀባይነት አገኘሁ። ስልክ ደውለው የነገሩኝ ቃል ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ፦ «የኮምቦልቻን ዝናብ ይዘህ ሂድ። እነሱ ሒሳቡ አላቸው፤ ዝናቡ ግን ያንተ ነው።»

ሥራው ግልጽ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 ሁለት ተመራማሪዎች የቴል አቪቭን ዝናብ በቀላል ሰንሰለት ገልጸውት ነበር፤ ነገ የመዝነቡ ዕድል ዛሬ ዘንቧል ወይስ አልዘነበም በሚለው ላይ ይንጠለጠላል ብለው። ገበሬው ይህን ያውቀዋል፤ ደረቅ ቀን ደረቅ ቀን ይጠራል። ገበሬው የሌለው ቁጥሩ ነው። በሐምሌ አሥር ቀን ሙሉ ጠብ ሳይል የመቅረቱ ዕድል ስንት ነው? የዘራው እስኪያፈራ የሚያስፈልገው ውሃ የመጠራቀሙ ዕድልስ? በልግ ለቀረበት ሰው ክረምቱ የመካስ ዕድሉ ምን ያህል ነው? ይህን ለማስላት በመጀመሪያ የየቀኑ ልኬት ያስፈልጋል፤ ልኬቱ ደግሞ ኮምቦልቻ ሜትሮሎጂ ጣቢያ መዝገብ ላይ ተጽፎ ተቀምጧል።

ባለ 100 ገጽ ደብተር ገዛሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከደሴ በሚኒባስ የሐረጎን መንገድ ቁልቁል እወርድና ጣቢያው ቁጭ ብዬ ስገለብጥ እውላለሁ። መዝገቡ በፈረንጅ ቀን ነው፤ እኔ ወደ እኛ ቀን እየመለስኩ፣ አንድ ገጽ ላይ ሁለት ሁለት ወር እጽፋለሁ። ከ1966ቱ ክፉ ቀን፣ ከመስከረም ጀመርኩ። ዜሮ። ዜሮ። ዜሮ ነጥብ አራት። ዜሮ። ከእያንዳንዷ ቁጥር ጀርባ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ወጥቶ የዝናብ መለኪያውን ያየ ሰው አለ፤ አገር ሲራብም፣ መንግሥት ሲገለበጥም አላቋረጠም። በአሥራ አንድ ቅዳሜ ወደ አራት ሺህ የሚጠጉ ቀኖች ገለበጥኩ። ሰኔ 1976ን ጨረስኩ። በሚቀጥለው ገጽ አናት ላይ «ሐምሌ 1976» ብዬ ጻፍኩና ከሥሩ አሰመርኩ። መሸ። ሚኒባስ እንዳያመልጠኝ ደብተሬን ዘግቼ ወጣሁ።

ከዚያ ቅዳሜ በኋላ አልተመለስኩም።

በዚያው ሳምንት አንድ ነጋዴ ኮምቦልቻ ያለውን መጋዘን ሒሳብ እንድይዝለት ጠየቀኝ፤ ደመወዙ የመምህርነቴን ሦስት እጥፍ ነው። ሰው ሲጠይቀኝ ሃያ ዓመት ሙሉ ያወራሁት ይህን ነው፤ ኑሮ ነው፣ ገንዘብ ነው እያልኩ። እውነቱ ሌላ ነው። ፈራሁ። ከደረስኩ በሦስተኛው ወር ፕሮፌሰሮች ፊት ቆሜ ሥራዬን እንዳቀርብ የሚል መስመር ደብዳቤው ላይ ነበረ። እንግሊዝኛዬ ይደናቀፋል፣ የማላውቀውን ይጠይቁኛል፣ ከወሎ የመጣ የሚያውቀው ይሄን ብቻ ነው ይሉኛል እያልኩ ሌሊት ሌሊት በላብ ተጠምቄ እነቃ ነበር። ነጋዴው የከፈተልኝ በር የሥራ ሳይሆን የመሸሻ በር ነበር። ለመምህሬ ደወልኩና «እናቴ ታማብኛለች፣ ጥያት መሄድ አልችልም» አልኳቸው።

እናቴ አልታመመችም። ስደውል በመስኮት እያየኋት ነበር፤ ጓሮ ጎንበስ ብላ ጎመኗን ትኮተኩታለች።

መምህሬ «አይዞህ፣ እግዜር ይማርልህ» አሉኝ። በወሩ መልሰው ደወሉ፤ ስለ ትምህርቱ አንድም ቃል ሳያነሱ እናቴ እንደተሻላት ጠየቁ። የዚያን ቀን ስልኩን ያነሳችው እሷ ነበረች። ዘግታው ወደ እኔ ዞረችና ብዙ ጊዜ ዝም ብላ አየችኝ። «በሽታዬን ማን ነገረህ፣ ልጄ? እኔ እኮ መንገድህን ይክፈትልህ እያልኩ ዱዓ ሳደርግልህ ነው የከረምኩት» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ነገሩን አንስታብኝ አታውቅም። በእውነት የታመመችው ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ነው። ስትሞት ራስጌዋ ነበርኩ፤ ያቺን ውሸት ግን ይቅር በይኝ ለማለት አፌ አልተፈታም።

በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይላል የአገሬ ሰው። እኔን የሚያንገበግበኝ ወርቅ መሆኑን ማወቄ ነው። ሥራው አልለቀቀኝም፣ ጊዜው አልተመቸም እንዳልል ደግሞ ሁለት ሰዎች አፌን ይይዙኛል። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1915 የተወለዱ፣ ይህንን ሒሳብ ያቆሙ ናቸው።

ኪዮሺ ኢቶ ቶኪዮ ውስጥ የመንግሥት ስታትስቲክስ ቢሮ ሠራተኛ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1939 እስከ 1943 ድረስ እንደ እኔ ጠረጴዛ ላይ ቁጥር ይዞ የሚውል ሰው። በዚያው ቢሮ እያለ በ1942 ነው ዛሬ የኢቶ ካልኩለስ የሚባለውን ያወጣው፤ የጎረቤቴ ልጅ ወረቀት ላይ ያለችው መስመር የዚያ እምብርት ናት። መጀመሪያ የጻፈው በእንግሊዝኛ ወይም በፈረንሳይኛ አይደለም፤ በራሱ በጃፓንኛ፣ በማባዣ ማሽን በሚታተም መጽሔት ላይ ነው። ማን ያነበው ነበር? ጻፈው። በ2006 ለሒሳብ ተግባራዊ ጥቅም የሚሰጠው የጋውስ ሽልማት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ ተሸላሚው እሱ ሆነ። 2006 ማለት የእኔ 1998 ነው።

የሁለተኛውን ሰው ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ደረቴ ላይ ድንጋይ የተቀመጠ ይመስለኛል። ቮልፍጋንግ ዶብሊን የታወቀው ደራሲ የአልፍሬድ ዶብሊን ልጅ ነው፤ የተወለደው በርሊን ነው፤ ቤተሰቡ አይሁድ በመሆናቸው ከናዚዎች ሸሽተው ፈረንሳይ ገቡ። ጦርነቱ ሲፈነዳ ተራ ወታደር ሆኖ ሎሬን ግንባር ላይ ስልክ ይጠብቅ ነበር። ማታ ማታ በስልክ ቤቱ ጭላንጭል፣ ከሱቅ በገዛው ባለ 100 ገጽ የተማሪ ደብተር ላይ ሒሳብ ይጽፋል። የሚጽፈው በዘፈቀደ ስለሚራመድ ነገር ነው፤ ኢቶ ቶኪዮ ላይ በኋላ ከሚደርስበት ጋር በጣም የተቀራረበ ሥራ። ሥራው እንዳይጠፋ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1940 ደብተሩን አሽጎ ፓሪስ ለሚገኘው የሳይንስ አካዳሚ ላከው። በሰኔ ክፍሉ ተከበበ። ኡሰራስ በምትባል መንደር አንድ ገበሬ ቤት ገብቶ የቀሩትን ወረቀቶቹን ምድጃ ውስጥ አቃጠለና ራሱን በጥይት ገደለ። 25 ዓመቱ ነበር። ፖስታው ስልሳ ዓመት ታሽጎ ኖረ፤ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በግንቦት 2000 ነው። ሲያነቡት ደነገጡ፤ ልጁ ከዘመኑ ቀድሞ ሄዶ ነበር።

የእኔም ደብተር ባለ 100 ገጽ ነው። እሱ ሞት በር ላይ ቆሞ ሞላው። እኔ ሰላም አገር ላይ፣ እናቴ ጎመን እየኮተኮተች፣ 65 ገጽ ላይ ዘጋሁት።

ከዚያ በኋላም ዕድል አልራቀኝም። ብዙም ሳይቆይ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴ ላይ ተከፈተ፤ ኮምቦልቻም የቴክኖሎጂ ግቢ ተሠራ። ትምህርቱ ራሱ አገሬ ድረስ፣ ከመጋዘኑ የእግር መንገድ መጣልኝ። ዘንድሮ ደርሷል፣ ለከርሞ እያልኩ ጆንያ ቆጠርኩ።

በኋላ ያነበብኩት ነገር ነው ቁጭቴን እሳት ያደረገው። በዚያው በ1998 ዓ.ም. የዓለም ምግብ ፕሮግራም አክሳ ሬ ከተባለ የፈረንሳይ ኩባንያ ጋር የኢትዮጵያን ዝናብ የሚመለከት የድርቅ ዋስትና ውል ተፈራረመ። ዝናብ ከተወሰነ መጠን ከወረደ እስከ 7.1 ሚሊዮን ዶላር ለተጎጂ ገበሬዎች ይከፈላል፤ የዋስትናው ዋጋ 930 ሺህ ዶላር። ዝናቡ የሚለካው በ26 የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ጣቢያዎች ነው። በዚያ ዓመት ዝናቡ ደህና ስለነበረ ክፍያ አልተደረገም፤ ይህ ደግ ነው። እኔን የሚያቃጥለኝ ሌላ ነው። የእኛ ዝናብ ስንት እንደሚያወጣ፣ የመቅረቱ ዕድል ስንት እንደሆነ የተሰላበት ሒሳብ እኔ ልማረው የነበረው ሒሳብ ነው። እኔ ደብተሬን በዘጋሁበት ዓመት፣ ሌላ ሰው የእኛኑ የዝናብ መዝገብ ይዞ ዋጋ አወጣለት። በእነሱ አልፈርድም፤ ሥራቸውን ሠሩ። ያ ወንበር ግን የእኛ ሰው ሊቀመጥበት ይችል ነበር። ከእነዚያ ሰዎች አንዱ እኔ ልሆን እችል ነበር።

የደሴ ገበያም እንዲሁ ነው። የ1966ቱን የወሎ ረሃብ ዓለም በትክክል የተረዳው አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው የድህነትና የረሃብ መጽሐፉ ውስጥ ነው። ሰውዬው የደሴን የእህል ዋጋ አገላብጦ ያየው ነገር ያስደነግጣል፤ ሰው እንደ ቅጠል እየረገፈ ሳለ ዋጋው ያን ያህል አልናረም፣ እህልም ከወሎ እየወጣ ይሄድ ነበር። ገበሬው መሬቱ ደርቆ የሚገዛበት ስላልነበረው ገበያው ረሃቡን አላሰማም። የሮቢትን፣ የሙጋድን፣ የሰኞ ገበያን ሁኔታ እኛ ነን የምናውቀው፤ ቁጥሩን አንስቶ ጥያቄ የጠየቀው ግን ህንዳዊ ምሁር ነው።

ጥቅምት 2014 ዓ.ም. ላይ የሰሜኑ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ የለበስነውን ይዘን ወጣን። ኅዳር አልቆ ስንመለስ በሩ ተገንጥሏል። ቴሌቪዥኑ የለም፣ ፍራሹ የለም፣ የድስት ክዳን እንኳ የለም። የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተዘርፏል፣ የደሴ ሆስፒታል ተራቁቷል፤ የእኔ ቤት ከዚያ አንጻር ምንም አልሆነም። ወለሉ ላይ ወረቀት ተበትኗል። ከወረቀቱ ሥር ደብተሬን አገኘሁት። ሽፋኑ ላይ የጫማ ዱካ አለ፤ ገጾቹ አንድም አልጎደሉ። ዘራፊ የሚጠቅም ነገር ሲፈልግ ገልጦ አይቶት፣ ጥሎት ሄዷል። ያንን ቀን ያለቀስኩት ለቴሌቪዥኑ መስሏት ባለቤቴ አጽናናችኝ። ጦርነቱ እንኳ አልወሰደብኝም። ያባከንኩት እኔው ነኝ።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ፣ በአንድ ጠዋት አንድ ዶላር ከ57 ብር ወደ 74 ብር ዘለለ። አለቃዬ መጋዘን ድረስ መጣ። «አንተ ሒሳብ የተማርክ አይደለህ? ለመስቀል ስንት ይገባል?» አለኝ። ጥያቄው እንዲህ እንደማይጠየቅ አውቃለሁ። ከስንት እስከ ስንት ባለው ውስጥ፣ በምን ያህል ዕድል ነው መባል ያለበት፤ ቀስ ብሎ የሚሳበው ለብቻ፣ የሚዋዠቀው ለብቻ፣ እንደዚያ ቀን ያለው ዝላይ ለብቻ ይታያል። ጥያቄውን ማረም አስታውሳለሁ፤ ማስላት ግን ከእጄ ወጥቷል። «እግዜር ነው የሚያውቀው» አልኩት። ጥር 2 ቀን 2017 ደግሞ አዲስ አበባ ላይ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ሥራ ጀመረ። ባሼልዬ ፓሪስ ላይ የተመለከተው ነገር ከመቶ ሃያ አምስት ዓመት በኋላ አገሬ ገባ። በዚያ ገበያ ለሚሠሩ ወጣቶች ይህን ሒሳብ ሊያስተምሩ ከሚገባቸው ሰዎች አንዱ ኮምቦልቻ መጋዘን ውስጥ የጆንያ ቁጥር ይጽፋል።

መልሱ አልጋ ላይ ትዝ ባለኝ ማግስት ጠዋት የጎረቤቴን ልጅ በር አንኳኳሁ። ካሬው የማይጣለው ደማሪ ብቻ ስለሆነ ነው ልላት። «ደረስኩበት እኮ ጋሼ፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ» አለችኝ፤ ዓይኗ ቀልቷል፣ ፊቷ ያበራል። ያንን ፊት አውቀዋለሁ። ደብተሩን አሳየኋት። ቆማ ገለበጠችው፣ ዜሮዎቹን በጣቷ እየተከተለች። ባዶው ገጽ ላይ ስትደርስ ቀና ብላ አየችኝ፤ አልጠየቀችኝም።

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ያላችሁ፣ ሒሳብ የምትማሩ ልጆች፦ ደብተሩ እኔ ቤት ነው፤ 35 ገጽ ይቀረዋል። መጥታችሁ ውሰዱት። ከሐምሌ 1976 ጀምሩ።